ስምንተኛው ሳህን

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው ፊት ለፊት ባጃጅ ስጠብቅ ከኋላዬ «አካም ጅርቱ፣ ቲቸር?» የሚል ሰላምታ ሰማሁ። ዞር ስል ሸምሱ ነው። ድሮ ቅዳሜ ገበያው ጥግ ላይ ሳህንና ብርጭቆ ይሸጥ የነበረው ሸምሱ፣ በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ ኦሮምኛውን ከእኔ አሥር እጥፍ አሳምሮ የሚናገረው ሸምሱ። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ከልጁ ጋር ጊንጪ እንደሚኖር ነገረኝ። ስለ ጉልበቱ አወራኝ፣ ስለ ስኳር ዋጋ አወራኝ፤ ከዚያ ሰው ስለ ልጅ በሚጠይቅበት ድምፅ «ሳህኖቹስ? ደህና ናቸው?» አለኝ። ስለ ልጄ አልጠየቀኝም። አምቦ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ልጄ መጠየቅ ካቆመ ቆይቷል፤ ለእኔ አዝነው መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አልወድላቸውም። «ደህና ናቸው» አልኩት። ዋሸሁ። ሳህኖቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር ናቸው። የዚህ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስማር አይቀበልም፤ ቢቀበልም የሚሰቅላቸው ሰው የለም። ባጃጁ መጣና ሸምሱን ተሰናብቼ ገባሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

ያኔ ባጃጅ ሁለት ብር ነበር። ከአምቦ ጉደር በሚኒባስ ስድስት ብር፣ እሱንም ወያላው መልሱን በማስቲካ ካልተካብሽ። ማኪያቶ በሰባት ብር ጠጥተን «ኧረ ተወደደ!» የምንልበት ዘመን ነው፤ አሁን ስናገረው ተረት ይመስላል። ልጃገረዶቹ ጠባብ ጂንስ ላይ ረዥም ሹራብ ይለብሱ ነበር፤ ወንዶቹ ፀጉራቸውን ከመሃል አቁመው ግራና ቀኙን ይላጩት ነበር፤ እኔም ክፍል ውስጥ እነዚህን ራሶች እያየሁ ሰዋስው አስተምር ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ከአንዱ ሙዚቃ ቤት የወጣው የኦሮምኛ ዘፈን ሳያልቅ የሚቀጥለው ይቀበልሻል፤ ከፍል ውሃው የሚመለሱ ሰዎች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ፀጉራቸው እንደረጠበ በመንገዱ ይንጎራደዳሉ። ስለዚያ ዘመን ሌላ የሚወራ ነገር ሞልቷል፤ እሱን የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ የማወራው ስለ ሳህን ነው።

እኔ ከደብረ ብርሃን በሥራ መጥቼ አምቦ የቀረሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ያስቀረኝ ደበላ ነው። ደበላ የጌዶ ልጅ፣ ሾፌር፣ ረዥም፣ ቁጥብ ሰው። በደርግ ጊዜ የእህል በሽታ ሊያጠኑ አምቦ መጥተው የነበሩ ራሺያኖች ነበሩ፤ ደበላ ለነሱ ስድስት ዓመት መኪና ነድቷል። የአለቃቸው ሚስት ማዳም ትባላለች፤ ሌላ ስም ይኑራት አይኑራት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማዳም ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ስምንት ስስ የሸክላ ሳህኖች ነበሩ፣ ነጋዴዎቹ ፖርስሊን የሚሉት ዓይነት፣ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ፣ መሃላቸው ላይ ሥዕል ያለባቸው። ሥዕሎቹ የአገራቸው ተረት ናቸው፤ አንድ ተረት፣ ለስምንት ሳህን የተከፋፈለ። መንግሥት ተለውጦ ራሺያኖቹ ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ ማዳም ሳህኖቹን አወረደችና ለስምንቱ ሠራተኞቿ አንድ አንድ አደለች። ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ወጥ ቤቷ፣ ሁሉም የተረት ቁራሹን ይዞ ወደየአገሩ ሄደ። ለደበላ የደረሰው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ባልዲ ይዛ የቆመች፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ያለችበት ነው። ግድግዳው ላይ እንዴት ተደርድረው እንደነበር ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ሾፌር ምግብ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? እኔ መኪና ውስጥ ነበር የምጠብቀው» ይለኝ ነበር።

ሃያ ምናምን ዓመት ያቺ አንድ ሳህን ቡፌያችን ውስጥ ኖረች። ማንም ልብ አላላትም። ደበላ ጡረታ በወጣ ዓመት ግን ልጃችን ሌሊሴ፣ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፣ ሳህኗን አውጥታ ስትወለውል ቆየችና «አባ፣ ይቺ ልጅ ከየት መጥታ ነው? ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችው። ደበላ አላውቅም ማለት አይሆንለትም፤ ዘመኑን ሁሉ መንገድ ሲጠየቅ የኖረ ሾፌር ነው። ሌሎቹን ሰባት እንፈልጋቸውና እንወቅ አላት። ሥራ የፈታ ሽማግሌና ተረት ያማራት ልጅ ሲገናኙ ምን ይደረጋል? እኔ መጀመሪያ ሳቅሁባቸው፣ ቀጥሎ ተቆጣኋቸው፣ መጨረሻ ላይ አብሬ ሚኒባስ መሳፈር ጀመርኩ።

አወሳሰዱ ደግሞ ወግ ነበረው። ሰው የበላበትን፣ ሃያ ዓመት ቤቱ ያኖረውን ዕቃ ባዶ እጅህን ሄደህ አትወስድም፤ ዋጋ ቆርጠህም አትገዛም፣ ነውር ነው። ደበላ ያወጣው ሕግ ሳህን በሳህን የሚል ነው። እናም ከሸምሱ ሱቅ አዲስ የቻይና ሳህን እንገዛለን፤ ሳህን ባዶውን አይሄድምና እኔ ላዩ ላይ ቆሎ ወይም ጭኮ አደርጋለሁ፤ አዲሱን ከነያዘው ሰጥተን አሮጌውን እንቀበላለን። ሸምሱ ነገሩ ገብቶት ስለነበር ለእኛ ብሎ አበባቸው ደማቅ የሆኑትን ይደብቅልን ነበር። ከየወረዳው ዕቃ ሊገዙ ከሚመጡት ቸርቻሪዎችም «ሥዕል ያለው የፈረንጅ ሳህን አይታችኋል?» እያለ ወሬ ይለቅምልናል። እንጭኒ ያለውን ያገኘልን እሱ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ቤት፣ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሎ።

ጉደር ያለው ደግሞ ያስቃል። ሳህኑ ላይ ልጅቷ ተኩላ ጋልባ ወንዝ ትሻገራለች። የአትክልተኛው ሚስት ተኩላ የት አይታ ታውቃለች? ለሷ ጅብ ነው። ጅብ የምትጋልብ ሴት ደግሞ ምን እንደምትባል ጉደርም አምቦም ያውቃል። ስለዚህ ሳህኑን ጓዳ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ላዩ ላይ ወንፊት ደርባ አኑራዋለች፤ መጣል ደግሞ የማዳምን ስጦታ ፈራች። አዲሱን ሳህን ይዘን ስንገባ እያመሰገነች ሸኘችን። ከጭልሞ ጫካ ግርጌ የምትኖር የዘበኛው ባለቤት የሷን ለወተት ዕቃ መክደኛ አድርጋው ነበር፤ ሥዕሉ በርዶ ያለበት ጫካና ወፎች የከበቧት ልጅ ነው፤ ወተቱ ጠርዙን ቢጫ አድርጎት እንኳ ያምራል። ጌዶ ያለው ሰውዬ አልሰጥም ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰን። በመጨረሻ ሌሊሴ ቁጭ ብላ ተረቱን እስካገኘንበት ድረስ ነገረችው፤ ሰውዬው ሰምቶ ሲያበቃ ተነሥቶ አወረደና «ልጅቷ ከዘመዶቿ ጋር ትሁን» ብሎ በእጇ አስያዛት። ያን ቀን ከጌዶ ስንመለስ ሌሊሴ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በቢጫ ጃኬቷ ሸፍና፣ ከመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ጋር አብራ እየነጠረች ስትዘፍን ነበር። ደስተኛ ነበርን። ይህን ቃል የምጠቀምበት ብዙ ቦታ የለኝም፤ ያን ቀን ግን ደስተኛ ነበርን።

በሁለት ዓመት ውስጥ የራሳችንን ጨምሮ ሰባት ሆኑ። የቀረው የወጥ ቤቷ የአደ አያንቱ ብቻ ነው፤ እሷ የት እንደገባች የሚያውቅ ጠፋ። ሳህኖቹ ጀርባ ላይ የራሺያ ጽሕፈት አለ፣ ማንበብ ግን አንችልም። ስለዚህ ሌሊሴ ሰባቱን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ራሷ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ ያደረገችው ሰው የሌለበትን ነው፤ ቀዩ ሻርፕ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አጠገቡ አንዲት ወፍ አለች። «ሻርፑ ተገኘ፣ ልጅቷ ግን የለችም፤ ፍለጋው ከዚህ ይጀምራል» አለች። ቀጥሎ ልጅቷ በርዶ ላይ፣ ቀጥሎ መስኮት በሌለው ቤት ታስራ ጥጥ ስትፈትል፣ ቀጥሎ ጢማም ሽማግሌ በር ሲከፍትላት፣ ቀጥሎ ገበያ ውስጥ፣ ቀጥሎ ተኩላው ወንዙን ሲያሻግራት፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ ጋ፣ እንግዲህ ሰፈሯ ደርሳለች። ስምንተኛው ላይ ቤቷ ትገባለች ማለት ነው። «አባ፣ አይደል?» አለችው። ደበላ ሳህኖቹን ረዘም ላለ ጊዜ አየና «አዎ፣ እንደሱ ነው» አላት። ጭቃው ግድግዳ ላይ ሰባት ምስማር መታ፤ በስተቀኝ ጫፍ ለስምንተኛው ባዶ ምስማር ጨመረ።

ከዚያ ያ የግርግር ጊዜ መጣ። ትምህርት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የነበረችው ልጄ ቤት ተቀመጠች። ያኔ ልጅ ሁሉ ይሄድ ነበር፤ ማታ አብሮን እራት የበላ የጎረቤት ልጅ በሳምንቱ ከሱዳን ይደውላል። የሌሊሴም ሦስት ጓደኞቿ ሄዱና አንድ ጳጉሜን ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ልትሄድ መሆኑን ነገረችን። በመተማ አድርጋ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ባሕሩ። ደበላ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን ወጣኝ። እናት ልጇን ስትሸኝ ስንቅ ትቋጥራለች፤ በሶ ትፈጫለች፣ ዳቦ ቆሎ ትቆላለች። እኔ «እቀራለሁ ካላልሽ ስንቅ የለም» አልኩና ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። ተሸንፋ ትቀራለች ብዬ ነበር። እሷ ቢጫ ጃኬቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመችና፣ ልታስቀኝ ፈልጋ፣ «ድፎ እንኳ አትጋግሪልኝም፣ እማ?» አለች። «ድፎ ለመጣ ነው እንጂ ለሚሄድ አይደለም። ስትመለሺ እጋግርልሻለሁ» አልኳት። ከጓዳ ሳልወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለአባቷ «ስምንተኛው ሲገኝ ንገሩኝ» ብላው ሄደች።

ከካርቱም ሁለት ጊዜ ደወለች። ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነኝ ካለች በኋላ የጠየቀችው «ሳህኑ ተገኘ?» ብላ ነው። ሦስተኛው ስልክ ከበረሃው ጫፍ ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ መኪና ላይ ሊጭኗቸው ነው። እማ ብላ ጠራችኝና መስመሩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። አብረዋት የሄዱት ልጆች ቤተሰቦች ዘንድ ሄደናል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደናል፣ ከዚያ መንገድ ተመለሱ የተባሉ ልጆችን ቤት ለቤት ዞረን ፎቶዋን አሳይተናል። አንዱ አየኋት ይላል፣ ሲጠየቅ ሌላ ሴት ትሆናለች። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ምን ይዘን እንቀመጣለን? እድሩም ግራ ገብቶት ነበር። በዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ደበላ እጁን ኪሱ ከቶ «ዱቄት አለ ወይ?» አለኝ። ገባኝ። ድፎ ጋገርኩ። ከትኩሱ ቆርሶ አንድ ቁራሽ ባዶው ምስማር ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። በየዓመቱ እንዲህ አደረግን።

አደ አያንቱን ያገኘናት ሌሊሴ በሄደች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሸምሱ ከአንድ የወንጪ ሽንኩርት ነጋዴ ሰማ፤ ሴትዮዋ ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ከሚቀዝፍ ልጇ ጋር ትኖራለች። ፈረስ ተከራይተን ወደ ሐይቁ ወረድን። እኔ በፈረስ ቁልቁለት መውረድ አልወድም፣ ያን ቀን ግን ልቤ ከፈረሱ ይቀድም ነበር። ስምንተኛውን ካገኘን ልጄ ትደውላለች የሚል ነገር፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ በውስጤ ቆሞ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያምኑ እናቶችን ስገሥጽ የኖርኩ ሰው። አደ አያንቱ ዐይኗ ደክሟል፣ ደበላን ግን በድምፁ ለየችው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። አዲሱን ሳህን ከነቆሎው ተቀበለችን። የሷን ደግሞ፣ ሳህን ባዶውን አይሰጥምና፣ ትኩስ ቆጮ በቅቤ ሞልታ አቀረበችልን። ሥዕሉ ከቆጮው ሥር ነው።

በላሁ። እንደዚያ በልቼ አላውቅም፤ ከዳር ከዳሩ እየቆረስኩ፣ ሥዕሉን ለማየት። መጀመሪያ የእንጨት ቤት ጣሪያ ወጣ። ቀጥሎ በር። ቀጥሎ ቀይ ሻርፕ። አንዴ ስቆርስ እጅ ታየ፣ የሴት እጅ፣ እጇ ላይ ደግሞ ክብ ነገር አለ። ቅቤውን በጣቴ ጠረግሁት። ዳቦ ነው። ትልቅ፣ ክብ፣ እንደኛ ድፎ ያለ ዳቦ። አንዲት እናት በሯ ላይ ቆማ ለልጇ ሙሉ ዳቦ ትሰጣታለች። ማልቀስ ጀመርኩ። «ደበላ፣ ተመለሰች እኮ! እናቷ ዳቦ ጋግራ ነው የጠበቀቻት» አልኩት። የትኛው አገር ነው ለመንገደኛ ሙሉ ድፎ በእጁ የሚያሸክም? ዳቦ ለመጣ ነው። አደ አያንቱ በኦሮምኛ ማዳም ግድግዳ ላይ ይህኛው የቱ ጋ እንደነበር ልትነግረን ጀምራ ነበር፤ ደበላ ቶሎ ብሎ ስለ ሐይቁ ዓሣ ጠየቃትና ወሬው ወደዚያ ሄደ። ልብ አላልኩትም። ያኔ ምንም ልብ የምልበት አልነበርኩም። ሳህኑን አምቦ አምጥተን ባዶው ምስማር ላይ ሰቀልነው። የምንነግራት ሰው ግን ስልክ አልነበራትም።

የጓሮ ክፍላችንን ለዩኒቨርሲቲ መምህራን እናከራይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገባው ዮናስ የሚባል የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ራሺያ የተማረ። አንድ እሑድ ደበላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ ሳህኖቹን ላሳየው ጠራሁት፤ ጉራም ነበረብኝ። ስምንተኛውን አወረደና ጀርባውን ገልብጦ አነበበ። ፈገግ ብሎ፣ ተማሪ መምህሩን ሲያርም እንደሚያፍረው እያፈረ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያው ነው» አለኝ። ጽሑፉን ተረጎመልኝ፦ እናት ለልጇ የመንገድ ዳቦ ሰጥታ ትሸኛለች። በነሱ አገር ስንቅ እንዲህ ነው፣ ሙሉ ዳቦ። ሌሎቹንም እያወረደ አነበበልኝ። ልጅቷ ከቤቷ ወጣች፣ ውሃ ቀዳች፣ ወንዝ ተሻገረች፣ ገበያ ደረሰች፣ ጢማሙ ሽማግሌ አታለላት፣ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ አሰራት፣ በርዶው ውስጥ አመለጠች። የሌሊሴ የመጀመሪያ ሳህን የመጨረሻው ነው። ልጅቷ ወፍ ሆነች፣ ሻርፑ ቀረ። አለቀ። አልተመለሰችም።

ዮናስን አስማልኩት። ደበላ እንዳይሰማ። እኔ ሌላ ምን አለኝ? እውነቱን ልናገር፤ ሌሊሴ ትመጣለች ብዬ ማመን ካቃተኝ ቆይቷል። ደበላ ግን ያምናል። በየጳጉሜኑ ዱቄት አለ ወይ ይለኛል፣ ቁራሹን ስምንተኛው ሳህን ሥር ያኖራል፣ ስልክ ሲጮህ ቀድሞ ይነሣል። የሱን እምነት እንደ ምርኩዝ ተደግፌ ነበር የምውለው፤ እሱ ካመነ የሚያምን ሰው ቤቴ ውስጥ አለ ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሳህኖቹን በነበሩበት መለስኳቸውና አቧራቸውን መጥረጌን ቀጠልኩ። ዳቦ ያላትን ሴት ስጠርግ ብቻ እጄ ይከብደኝ ነበር። እሷ እንኳ ሸኝታለች። እሷ እንኳ በር ድረስ ወጥታ ዳቦውን በእጇ ሰጥታለች። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ነበር።

አቻምና ደበላን ስትሮክ ግማሽ ጎኑን መታው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፣ አፉም ቃል ይጎትታል። ባለፈው ሐምሌ ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ጎረቤት ሁሉ ተቀብቷል፣ እኛም ምን እንላለን። ይህን የኮንዶሚኒየም ክፍል ተከራየንና ጓዝ መጠቅለል ጀመርን። ሳህኖቹን እኔ አወርዳለሁ፤ ደበላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁና በጉልበቱ በጋዜጣ ይጠቀልላል፤ እንዳይደባለቁ ጋዜጣው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ይጽፋል። በግራ እጁ የሚጽፈው ቁጥር የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስላል። ስምንቱንም አውርጄ ግድግዳው ላይ ስምንት ነጣ ያሉ ክቦች ብቻ ሲቀሩ ካርቶኑን ልሞላ ጎንበስ አልኩ። ከሁሉም መጨረሻ ያወረድኩት፣ ዳቦ ያላት ሴት ያለችበት፣ ላዩ ላይ የተጻፈው «1» ነው። ጉድጓዱ «2»። ተኩላው «3»። መጀመሪያ ያወረድኩትን ባለ ሻርፑን አነሣሁት። «8»።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። ደበላ እስክሪብቶውን እየከደነ ነበር፤ በአንድ እጅ ስለሆነ ይቸግረዋል።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«ራሺያኖቹ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ታዴ» አለኝ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ። «ጀርባቸው ላይ ተራቸው በራሺያ ፊደል ተጽፏል፤ እስከ ስምንት መቁጠር ያቅተኛል?»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሌሊሴ ምንጣፉ ላይ ደርድራ ቀና ብላ ስታየው፣ ደስታዋን ማፍረስ አልሆነለትም፤ ልጅ ነች፣ የሳህኗ ልጅ ትመለስላት ብሎ ተወላት። ወንጪ ላይ ደግሞ እኔ ቆጮውን እየገፋሁ ሳለቅስ አየኝ። ከዚያ በኋላ መናገሪያ ቀን አላገኘም። አሁን ለምን በትክክል እንደጻፈው ጠየቅሁት። ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ሰልችቶኛል አለኝ፤ እንደዚያ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ዮናስ እንዳነበበልኝ፣ ካወቅሁ ዓመታት እንዳለፉኝ ነገርኩት። ውጭ አጥር የሚያፈርሱት ሰዎች እየተጯጯሁ ቆርቆሮ ይነቅላሉ።

«ታዲያ ዳቦውን ለማን ነበር የምትጋግሪው?» አለኝ።

«ላንተ።»

በደህናው እጁ ጉልበቱን ያሽ ጀመር። «እኔም ዱቄት አለ ወይ የምልሽ ላንቺ ብዬ ነበር» አለ።

ሁለታችንም እናምናለን ብለን የተደገፍነው አንዳችን ሌላችንን ነበር፤ ከመካከላችን የሚያምን ሰው አልነበረም። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳልነበረ አልተጠያየቅንም፤ ምን ያደርግልናል? ተነሥቼ ሳህኖቹን ካርቶኑ ውስጥ ደረደርኳቸው፣ ከአንድ እስከ ስምንት፣ እሱ በጻፈው ተራ። አንዱም አልተሰበረም። ሸምሱን ሳገኘው ይህን ልነግረው ይገባ ነበር፤ ሳህን መሸጥ ብቻ ሳይሆን ሳህን ማጓጓዝም የሚያውቅ ሰው ነውና ደስ ይለው ነበር።

አሁን መስከረም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የድሮ ሰፈራችን የነበረውን ቦታ እናያለን፤ ሰፊ መንገድና አዳዲስ የመብራት ምሰሶዎች ናቸው። ደበላ መስኮቱ አጠገብ ይውላል። ስልክ ሲጮህ አይነሣም፤ እኔ እንዳነሣ ይጠብቃል። ባለፈው፣ ጳጉሜን በገባችበት ጠዋት፣ ከመኝታችን ተነሣን፣ ቁርስ በላን፣ መድኃኒቱን ሰጠሁት። ቀኑን ሙሉ እጁን ኪሱ እስኪከት ጠበቅሁ። ዱቄት አለ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አላስፈጨሁም ነበር።